ተሸክመው ያወረዱትስ? ስለ ተራራ ነፍስ አድን ወጪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ እሑድ እሑድ ከአዲስ አበባ ሰው ይዤ ወጨጫ፣ የረርና እንጦጦ የምወጣ የጉዞ አዘጋጅ ነኝ። በቅርቡ ወጨጫ ላይ ሁለት ልጆች ጋይዱ እየከለከላቸው «አቋራጭ እናውቃለን» ብለው ከመስመር ወጡ። ጉም ወረደ፣ ዝናብ መጣ፣ መሸ። አንደኛው ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተሰበረ። የአካባቢው ገበሬዎች በሌሊት ፈልገው አገኟቸውና በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አወረዱት። አሁን ቡድናችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «በገዛ እጁ ያመጣው ነው፣ ወጪውን ራሱ ይክፈል» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ነፍስ ማዳን የመንግሥት ሥራ ነው፣ የተጎዳ ሰው ገንዘብ አይጠየቅም» ባይ ነው። ማን ነው ትክክል?

ምላሽ፦ ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ስለ ልጁና ስለ መንግሥት ነው። በጽሑፍዎ ውስጥ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፉ ሰዎች አሉ፤ በሌሊት ፈልገው ያገኙትና ተሸክመው ያወረዱት። እነሱን «ስንት አወጣችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ በጉዳት ካሣ ክርክር ላይ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ቤቴ ቡራዩ ስለሆነ እሑድ ጠዋት አውቶቡሶቹ በምዕራብ በኩል ሲወጡ አያለሁ፤ አንዳንዴም አብሬ እወጣለሁ። መልሴን ላስቀድም። ለእርዳታ መደወል ነፃ መሆን አለበት። የተሸከመው ሰው ግን ያወጣው ሊመለስለት ይገባል። ልጁ ከከፈለም የሚከፍለው ስለተደረገለት ነገር እንጂ ስላጠፋው ጥፋት አይደለም። ቅጣት ሌላ፣ ዕዳ ሌላ ነው፤ ቡድናችሁን ያጨቃጨቀው የሁለቱ መቀላቀል ነው።

እስቲ ወጪው ምን እንደሆነ እንየው። በእኛ አካባቢ «ነፍስ አድን» ሲባል ብዙ ሰው በፊልም ያየው ሄሊኮፕተር ይታየዋል። በእውኑ 939 ወይም 907 ቢደወል እሳት አደጋም ሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚደርሰው የመኪናው መንገድ እስካለበት ነው። ወጨጫ ደግሞ በአዲስ አበባ አስተዳደር ወሰን ውስጥ አይደለም፤ የኦሮሚያ ነው። የከተማው ቁጥር ላይ የደወለ ሰው «ቦታው የት ነው? የየትኛው ወረዳ ነው?» በሚል ምልልስ ውድ ደቂቃዎች ሊያልፉበት ይችላሉ። ደዋዩ የመንደሩን ስም የማያውቅ፣ አፋን ኦሮሞም የማይችል ከሆነ ይብሳል።

ስለዚህ ከመንገዱ በላይ ያለው ሥራ በሙሉ የገበሬው ነው። ሁለት እርጥብ የባሕር ዛፍ አጣና ይቆረጣል። የማዳበሪያ ከረጢት ሁለቱ ማዕዘኑ ተቀዶ አጣናዎቹ ይሰኩበታል፤ አንድ ከረጢት ስለማይበቃ ሁለት ሦስት ይደረደራል። ከረጢት ካልተገኘ ጋቢ ይታሰራል፤ ጋቢው ደግሞ የአንዱ ገበሬ የሌሊት ልብስ ነው። ስድስት ወይም ስምንት ሰው ያነሣል። ቁልቁለት ላይ የፊተኞቹ ትከሻቸው ላይ ማድረግ፣ የኋለኞቹ እስከ ጉልበታቸው ዝቅ ማለት አለባቸው፤ አለዚያ የተኛው ሰው ወደፊት ይንሸራተትና የተሰበረ እግሩ ይመታል። ይህን በጭቃ ላይ፣ በስልክ ባትሪ ብርሃን ያስቡት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ክንድ ይዝላል፣ ሌላው ይተካል። ሁለት ሦስት ሰዓት ለሚፈጅ ቁልቁለት ሃያ ሰው ቢሰለፍ ብዙ አይደለም። (በነገራችን ላይ እዚያው ተራራ ላይ ወጌሻ እግሩን እንዲጎትተው አትፍቀዱ። እንዳለ በእንጨት ደግፎ ማሰር ይበቃል፤ ቀሪው የሐኪም ነው።)

ከዚያ ባጃጅ ይጠራል፤ ሌሊት ነው ብሎ የቀኑን እጥፍ ይጠይቃል፤ የሚከፍለው ደግሞ ኪሱ ውስጥ ብር የተገኘበት የመንደሩ ሰው ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጉልበቱን ከድንጋይ ይጋጫል። ሲነጋ ሰኞ ነው፤ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው በሬ አይጠምድም። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ችግሩ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ መሆኑ ብቻ ነው።

«ነፍስ ማዳን የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው ወገን ይህን አላየም። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን መንግሥት ባልነበረበት ሌሊት «የመንግሥት ሥራ ነው» ማለት ሒሳቡን ገበሬው ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ለጋሡ እኛ አይደለንም፤ እሱ ነው፤ ያውም ሳይጠየቅ።

ሕጉ ምን ይላል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2257 ጀምሮ፣ ውክልና ሳይሰጠው የሌላውን ሰው ጉዳይ አስቦበት ስለሚያከናውን ሰው ይደነግጋል። የጎረቤቱ ጣሪያ በማዕበል ሲነሣ፣ ጎረቤቱም በሌለበት፣ ቆርቆሮ ገዝቶ ያስመታ ሰው እንበል። የባለ ጉዳዩ ጥቅም ሥራው እንዲሠራ የሚያስገድድ ከነበረ፣ ባለ ጉዳዩ «እኔ አላዘዝኩህም» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም፤ ለእሱ ጥቅም የወጣውን ወጪ መመለስ አለበት። እኔ ይህን ለተራራው ጉዳይ እንደሚሠራ አድርጌ ነው የማነበው። ገደል ውስጥ የተሰበረ ሰው «ተሸከሙኝ» ብሎ ውል አልፈረመም፤ ግን ጥቅሙ ያንን ይጠይቅ ነበር፤ ከዚህ የባሰ ግልጽ ምሳሌ የለም። ልብ ይበሉ፣ ይህ ድንጋጌ ልጁ ጥንቃቄ አድርጎ ነበር ወይስ አላደረገም ብሎ አይጠይቅም። ጠንቃቃውም፣ ግዴለሹም፣ እንዲሁ ድንጋይ ከዳኝ ያለውም የባጃጁን ሒሳብና የጋቢውን ዋጋ ይመልሳል። የአንድ ቀን ጉልበትስ እንደ ወጪ ይቆጠራል? እዚህ ላይ ጠበቆች ልንከራከር እንችላለን። ሽማግሌዎች ግን ሲከራከሩበት አላየሁም፤ «የሰውዬው የሥራ ቀን ተበላሽቷል» ብለው ይቆጥሩታል፤ ልክም ናቸው።

የልጁ ግዴለሽነት የሚገባው በሌላ በር ነው። ቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዛል። ጉልበቱን የተጋጨው ተሸካሚ ለሕክምናው በዚህ በር ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን «ጥፋት ነበር ወይ?» የሚለው መረጋገጥ አለበት። መለኪያው ደግሞ በልጁ ቦታ የነበረ ደንበኛ አእምሮ ያለው ሰው ምን ያደርግ ነበር የሚለው እንጂ፣ እኛ ቤታችን ቁጭ ብለን ዛሬ የምናውቀው አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ አደጋው ከደረሰ በኋላ ሁሉም ጠንቃቃ ነው።

እዚህ ላይ ጠያቂዬን ደስ የማይል ነገር ልበልዎት። ግዴለሽነት ይመርመር ከተባለ ምርመራው ከልጁ አይጀምርም። ጫፍ ላይ የደረሳችሁት ስንት ሰዓት ነው? ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በክረምት መግቢያና መውጫ ወራት ጉሙና ነጎድጓዱ የታወቀ ነው። ከኋላ የሚዘጋ ጋይድ ነበር ወይስ አንዱ ጋይድ ከፊት ብቻ? ሁለቱ ልጆች መጥፋታቸው የታወቀው መቼ ነው፤ መንገድ ላይ ወይስ አውቶቡስ ውስጥ ስም ሲጠራ? ጋይዱ መከልከሉ በጎ ነው፤ ከከለከለ በኋላ ምን እንዳደረገ ግን በጽሑፍዎ የለም። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ የምታስፈርሙት «በራሴ ኃላፊነት እሄዳለሁ» የሚል ወረቀት ቢያገለግል የሚያገለግለው በእርስዎና በፈራሚው መካከል ነው። ገበሬው አልፈረመም። ስለዚህ ያ ወረቀት እሱ ያወጣውን አንዲት ብር አያስቀርም።

ሌላም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው በራሱም ሆነ በሌላው ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ትቶት የሄደን ሰው ይቀጣል። በሙያው ወይም በውል የመርዳት ግዴታ ያለበት ሲሆን ደግሞ ይከብዳል። የጉዞ ክፍያ የተቀበለ አዘጋጅ ከዚህ ከከበደው ወገን ነው ብዬ አምናለሁ። «ገንዘብ ካልከፈላችሁ አናወርድም» የሚል መንደርተኛ ቢገጥማችሁም ያው ሕግ ይነካዋል። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር እኔ አልገጠመኝም፤ የሚገጥመኝ ተቃራኒው ነው፤ ሲሰጣቸው እንኳ «ለእግዜር ብለን ነው» ብለው የሚመልሱ። ግን አለመጠየቃቸው ዕዳውን አይሰርዘውም።

አሁን «ራሱ ይክፈል» ወደሚለው ወገን ልምጣ። ይህን ሐሳብ የምፈራበት ምክንያት በአልፕስ ተራሮች ከደረሰ ነገር ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1956 ዣን ቫንሳንዶንና ፍራንሷ ኦንሪ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በፈረንጆቹ የበረዶ ወራት ሞን ብላን የሚባለውን ተራራ ሊወጡ ሄደው ማዕበል ያዛቸው። ከታች ካለችው የፈረንሳይ ከተማ ከሻሞኒ ሆኖ በሩቅ ማሳያ መነጽር ይታዩ ነበር። በከተማው ግን የነበረው ክርክር የናንተው ነው፦ በዚህ ወቅት ማን ውጡ አላቸው? ለእነሱ ግዴለሽነት የጋይዶች ነፍስ ለምን ይጋለጣል? የታወቀው ተራራ ወጪ ሊዮኔል ቴሬ በጋይዶቹ ማኅበር አቋም ተቆጥቶ ራሱ ሰው አሰባስቦ ወጣ። ሊያድናቸው የተላከ ሄሊኮፕተር አጠገባቸው ተከሰከሰ፤ የሄሊኮፕተሩ ሰዎች ሲወርዱ ሁለቱ ልጆች ስብርባሪው ውስጥ ቀሩ፤ እዚያው ሞቱ። አስከሬናቸው የወረደው በቀጣዩ መጋቢት ነው። ከዚያ በኋላ ፈረንሳይ ነገሩን ለበጎ ፈቃደኛና ለክርክር መተው አቆመች፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የጀንዳርመሪው (በወታደር ሥርዓት የሚመራው ፖሊስ) የተራራ ነፍስ አድን ክፍል ሻሞኒ ላይ ተቋቋመ። ዛሬም እዚያ ተራራ ላይ የተጎዳ ሰው የነፍስ አድኑ ሒሳብ አይመጣበትም፤ ግዴለሽም ቢሆን።

ሒሳብ ይመጣብኛል ብሎ የፈራ ሰው ምን ያደርጋል? አይደውልም። «ትንሽ እንሞክር፣ ራሳችን እናውጣው» ይላል። ከ3,000 ሜትር በላይ እርጥብ ልብስ ለብሶ ነፋስ ላይ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ያቺ «ትንሽ» ሁለት ሰዓት ብትሆን መንቀጥቀጡ ቆሞ መቀባዠር የሚጀምርባት ናት። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ይልቅ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢደወል ተሸካሚውም በብርሃን ይወጣ ነበር። የአሜሪካ የተራራ ነፍስ አድን ማኅበር ማንም ሰው ክፍያ ፈርቶ ጥሪውን ማዘግየት የለበትም የሚል አቋም የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ያውም እነሱ አብዛኞቹ በነፃ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ማማረር ቢፈልጉ መብታቸው ነበር።

እዚያው አሜሪካ ግን የኒው ሃምፕሻየር ግዛት በግዴለሽነት ለነፍስ አድን የዳረገን ሰው ያስከፍላል። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያመጡት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ 25 ዶላር የሚሸጥ የአንድ ዓመት ካርድ አለ፤ ቤተሰብ ከሆነ 35። ካርዱን የያዘ ሰው በተራ ቸልተኝነት ቢጠፋ ወይም ቢጎዳ ሒሳብ አይላክበትም፤ ጭፍን ድፍረት ከሆነ ግን ካርዱ አያድነውም። አስተውሉ፤ ቅጣት ብለው ጀምረው መዋጮ ላይ አረፉ። ስዊዘርላንድ የምታስከፍል አገር ናት፤ ግን መሠረታዊው የጤና መድን የነፍስ አድኑን ግማሽ በዓመት እስከ 5,000 ፍራንክ ይሸፍናል፤ ቀሪውን ሰው በተጨማሪ መድን ይሞላዋል። ከሁሉም ወደ እኛ የሚቀርበው ኪሊማንጃሮ ነው። የፓርኩ ክፍያ ውስጥ 20 ዶላር የነፍስ አድን ተብሎ አስቀድሞ ከእያንዳንዱ ተራራ ወጪ ሰው ይሰበሰባል። የወደቀውም ያልወደቀውም ከፍሏል፤ የወደቀ ቀን ማንም «ጥፋቱ የማን ነው?» አይልም።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አልነበረብኝም፤ ዕድር ማለት ይኸው ነው። ድንኳኑ ሲተከል ሟቹ ራሱን ጠብቆ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለም፤ ወርሃዊው ተከፍሏል ወይ ነው የሚባለው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ የእያንዳንዱ ተጓዥ ክፍያ ላይ ትንሽ ጨምሩና ለይታችሁ አስቀምጡ። አውቶቡስ፣ ምሳ፣ ጋይድ ብላችሁ ስትዘረዝሩ «ነፍስ አድን» ብላችሁም ጻፉት፤ ሰው ለምን እንደሚከፍል ይወቅ። ገንዘቡ በአዘጋጁ የግል ሒሳብ ውስጥ አይደር። ከአዘጋጆቹ፣ ከቀበሌው ሽማግሌዎችና ከጋይዶቹ ሦስት ፈራሚ ያለው ሒሳብ ይሁን። እንደ መናገሻ ሱባ ደን ባሉ መግቢያ በሚያስከፍሉ ቦታዎች ደግሞ ከዚያ ክፍያ ላይ ለዚህ ተለይቶ እንዲቀመጥ ደኑን የሚያስተዳድረውን ድርጅት መጠየቅ ይቻላል፤ አንድ ቡድን ብቻውን ከሚጠይቅ ሁላችሁም አዘጋጆች አብራችሁ ብትሄዱ ይሰማል። ለቡድን የሚገዛ የአደጋ መድንም የመድን ድርጅቶቻችን ይሸጣሉ። ስትገዙ ግን ከሆስፒታል በፊት ያለውን ማጓጓዝ ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብቡ፤ ሕክምናን ብቻ የሚሸፍን ውል ለቃሬዛው ምንም አይጠቅምም።

መንግሥትንም ነፃ አላወጣሁትም። የእሱ ድርሻ ዝግጁነት ነው። በየተራራው ሥር ባለ ቀበሌ ወይም የደን ኬላ አንድ ደህና ቃሬዛ፣ ገመድ፣ ራስ ላይ የሚታሰሩ መብራቶች፣ ብርድ ልብስ። ለመንደሩ ወጣቶች የመጀመሪያ ሕክምና ሥልጠና። ከአዲስ አበባ የሚደወል ጥሪ ወሰን ሳያግደው ወደ ሰበታም ወደ ሱሉልታም የሚተላለፍበት መስመር። ይህን ተጓዥ ሊገዛው አይችልም፤ ቢገዛውም መጋዘን ውስጥ ዝጎ ይቀራል። በአጭሩ ቃሬዛው በመንግሥት፣ የተሸካሚው ቀን በተጓዡ ይሁን ነው የምለው።

አንድ ተቃውሞ እጠብቃለሁ፦ «ገንዘብ ከገባበት የሐሰት አደጋ ይበዛል።» ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ኔፓል ውስጥ በመድን የሚከፈል የሄሊኮፕተር ማውረድ ንግድ ሆኖ፣ ቀላል ሕመም የያዘው ቱሪስት ሳይቀር እየተጫነ ሲወርድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት ነገሩን መርምሯል። መድኃኒቱ ግን ክፍያውን ትርፍ የሌለው ማድረግ ነው፤ የተበላሸው ዕቃ ዋጋ፣ የትራንስፖርቱ ሒሳብና አስቀድሞ የታወቀ የቀን ሥራ ዋጋ፣ ከዚያ ያለፈ የለም። በቀን ሥራ ዋጋ ሌሊት ገደል የሚወርድ አጭበርባሪ አይገኝም።

ከተጓዡ ኪስ እስከ መጨረሻው ይከፈል የምልባቸው ጉዳዮችም አሉ። ሰክሮ የወጣ፣ አደጋ ሳይኖር ለጨዋታ የደወለ፣ በጽሑፍ የተዘጋ ቦታ አጥር ዘሎ የገባ። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ ይወርዳሉ፣ ይታከማሉ፣ ሒሳቡ ከዚያ በኋላ በሽማግሌ ወይም በፍርድ ቤት ይመጣል። «አቋራጭ አውቃለሁ» ያለ ልጅ ግን ከእነዚህ ጋር አይመደብም። እንዲያ ያላለ ወጣት የት አለ?

ለአሁኑ ጉዳይ፣ ሳይረሳ በዚህ ሳምንት ወደ መንደሩ ውጡ። ባዶ እጃችሁንና በስሜት አትሂዱ፤ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ማን ማን ተሸከመ፣ የማን ጋቢ ተበላሸ፣ ባጃጁን ማን ከፈለ፣ ማን ተጎዳ፣ የማን ሥራ ተስተጓጎለ፤ እያንዳንዱን በስም ጻፉ፤ ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ አብሯችሁ ይቁጠር። «አንቀበልም» ቢሉ በአንዴ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ፤ ዕቃ የተበላሸበት ሰው ዕቃው ይተካለት፣ የተጋጨው ጉልበት ሐኪም ይየው። ድምሩን ለልጁ ቤተሰብ አሳዩ፤ በእኔ ግምት ከቡድኑ ጋር ቢካፈሉት ማንንም አይጎዳም። እርስዎም እንደ አዘጋጅ ድርሻ ይያዙ፤ የኋላ ጋይድ ካልነበረ ድርሻዎ ትንሽ አይሁን። ሲከፈል የተቀባዩን ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ውሰዱ። በዚያ ወረቀት ላይ ልጁ ለምን ከመስመር እንደወጣ ምንም አትጻፉ፤ ነገ የእግሩን ካሣ ቢጠይቅዎት ወይም እርስዎ እሱን ቢጠይቁት ያ በሌላ መዝገብ የሚታይ ክርክር ነው፤ ገበሬዎቹ እስኪያልቅ መጠበቅ የለባቸውም።